ሥጋውን የሚቆርጠው አሲዱ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጨጓራ በሚጻፉ የጤና ጽሑፎች ውስጥ፣ በእናንተም ዓምድ ጭምር፣ “የጨጓራ አሲድ ሥጋውን ያቀልጠዋል” የሚል አነጋገር ደጋግሞ ይመጣል። ተማሪዎችም ይህንኑ ይዘው ክፍል ይገባሉ። ፈተና ላይ ፕሮቲን የሚቆርጠውን የጨጓራ ኢንዛይም “ፔፕሲን” ብለው ጽፈው ሙሉ ነጥብ ካገኙ በኋላ እንኳ፣ በልባቸው የሚያምኑት አሲዱ እንደ ባትሪ ውሃ ሥጋውን እንደሚበላው ነው። የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይታለፍ ነበር። ግን ከዚህ ስሕተት ተነሥቶ አንዱ የታዘዘለትን የጨጓራ መድኃኒት “ሥጋ አይፈጭልኝም” ብሎ ያቋርጣል፣ ሌላው ጉልበት ይሆነኛል ብሎ ጥሬ እንቁላል ይጠጣል፣ ሌላው ደግሞ ዶሮዎቹን ጥሬ አኩሪ አተር ያበላል። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ከዚያም ማንኛውም ትምህርት ቤት በአንድ እንቁላልና በአንድ የበግ ሆድ እንዴት በዓይን ሊያሳየው እንደሚችል ይህን ጽፌአለሁ።

ፕሮቲን አሚኖ አሲዶች እንደ ጨሌ ተሰክተው የሚሠሩት ረጅም ክር ነው። ክሩ ደግሞ ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎና ተቋጥሮ ነው የሚገኘው። በቤተ ሙከራ ይህን ክር በአሲድ ብቻ እስከ መጨረሻው ለመበተን የሚሠራበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ፕሮቲኑ 6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራል፣ አየር በሌለበት የመስታወት ቱቦ ይታሸጋል፣ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ይቆያል። የጨጓራ ፈሳሽ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ1.5 እስከ 2 አካባቢ ነው። ይህ ከዚያኛው አሲድ ከመቶ እጥፍ በላይ የቀጠነ ማለት ነው። ሙቀቱም 37 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ምግቡ እዚያ የሚቆየውም ጥቂት ሰዓት ነው። ጨጓራ በአሲዱ ብቻ ቢተማመን ኖሮ የበላነው ጥብስ እንደገባ ወደ አንጀት ይወርድ ነበር።

ታዲያ አሲዱ ምን ይሠራል? ልቃቂቱን ይፈታል። ተጠቅልሎ የተደበቀው ክር ተዘርግቶ ለመቁረጥ ይመቻል። ከምግቡ ጋር የገቡትን አብዛኞቹን ጀርሞች ይገድላል። ከሁሉ በላይ ግን የታሰረውን መቀስ ይፈታል።

“የታሰረ መቀስ” ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም የሚያመርት ሕዋስ ራሱ ከፕሮቲን የተሠራ ነው። ኢንዛይሙን ስለታም አድርጎ ቢሠራው መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱው ነው። ስለዚህ የጨጓራ ግድግዳ ሕዋሳት የሚያመርቱት ፔፕሲንን ሳይሆን ፔፕሲኖጅንን ነው። ፔፕሲኖጅን ማለት 44 አሚኖ አሲድ የሚያህል ጭራ የመቁረጫውን አፍ ሸፍኖት የተቀመጠ ፔፕሲን ማለት ነው። አሲዱን የሚረጩት ሌሎች ሕዋሳት ናቸው። ሁለቱ የሚገናኙት ከሕዋሳቱ ውጭ፣ በጨጓራው ክፍት ቦታ ነው። አሲዱ ሲነካው ጭራው ይለቃል፣ ይቆረጣል፣ ፔፕሲን ሥራ ይጀምራል። የተፈታው ፔፕሲን ደግሞ ቀጥሎ ያሉትን ፔፕሲኖጅኖች እየቆረጠ ይፈታቸዋል። የጨጓራው ግድግዳ በወፍራም ንፍጥና በውስጡ በተያዘ፣ አሲድን በሚያከሽፍ ባይካርቦኔት ተሸፍኗል፤ የላይኛው ሽፋንም በየጥቂት ቀኑ ይታደሳል።

“ከሕዋስ ውጭ” የሚለውም በትክክል ሊገባን ይገባል። ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያለው ቱቦ ውስጡ፣ በባዮሎጂ ዓይን፣ ገና ከሰውነት ውጭ ነው፤ በደም ውስጥ እስካልገባ ድረስ የበላነው ሥጋ የእኛ አልሆነም። ፕሮቲን እንዳለ በሕዋስ ሽፋን ማለፍ ስለማይችል፣ መጀመሪያ ውጭ ተቆርጦ ማነስ አለበት። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሞሰብ ውስጥ ሦስት ቀን የቆየ እንጀራ ላይ የወጣውን ሻጋታ ተመልከቱ። አፍም ሆድም የለውም፤ ቀጫጭን ክሮቹ ኢንዛይም ወደ እንጀራው ይረጫሉ፣ ስታርቹንም ፕሮቲኑንም እዚያው ውጭ ይቆርጡታል፣ የቀለለውን ይመጥጣሉ። እንጀራው ከሻጋታው በታች የሚረጥበውና የሚላላው ለዚህ ነው። የእኛ አንጀት የሚሠራውም ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ ውጩን ወደ ውስጥ ማጠፉ ነው።

ይህ ሁሉ ከአካል ውጭ በጠርሙስ ሊሠራ እንደሚችል ከታወቀ ከ190 ዓመት በላይ ሆኖታል። አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ዊልያም ቦሞንት እ.ኤ.አ. በ1822 ሆዱን በጥይት ተመትቶ ቀዳዳው ሳይደፈን የዳነውን አሌክሲ ሴንት ማርቲንን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ከጨጓራው ፈሳሽ እየቀዳ በጠርሙስ አድርጎ በሰውነት ሙቀት ሲያቆየው ሥጋው እዚያው እንደሚፈጭ አይቷል፤ ሥራውንም በ1833 አሳትሟል። ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽቫን ደግሞ በ1836 አሲዱ ብቻውን እንደማይበቃና ሌላ ነገር እንዳለ አረጋግጦ፣ ለዚያ ነገር ፔፕሲን የሚል ስም ሰጠው። “አሲዱ ያቀልጠዋል” የሚለው አባባል እንግዲህ በ1836 መልስ ያገኘ ነው።

ከጨጓራ የወጣው ድብልቅ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ሲደርስ ሁኔታው ይገለበጣል። ከቆሽት የሚወርደው በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ፈሳሽ በባይካርቦኔት የተሞላ ስለሆነ አሲዱን ያከሽፈዋል፤ ፔፕሲንም እዚያው ሥራውን ያቆማል። ዋናው የፕሮቲን ቆረጣ የሚካሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ፔፕሲን የሚሠራው ከጠቅላላው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ጨጓራቸው በቀዶ ጥገና ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች ፕሮቲን መፍጨት የሚችሉትም በዚህ ምክንያት ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት የታዘዘለት ሰውም ቆሽቱ ሥራ ላይ ስለሆነ ሥጋው ሳይፈጭ ይቀራል ብሎ መስጋት የለበትም።

የቆሽት ኢንዛይሞችም ታስረው ነው የሚላኩት። የመጀመሪያውን ቁልፍ የሚከፍተው ኢንትሮካይኔዝ የተባለ፣ ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ኢንዛይም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1899 በሩሲያዊው ሳይንቲስት በፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ ነው የተገኘው። ኢንትሮካይኔዝ ትሪፕሲኖጅንን ቆርጦ ትሪፕሲን ያደርገዋል። ትሪፕሲን ደግሞ የተቀሩትን ሁሉ ይፈታል፤ ኬሞትሪፕሲንን፣ ኢላስቴዝን፣ ካርቦክሲፔፕቲዴዝን። እያንዳንዱ የሚቆርጥበት ቦታ አለው። ትሪፕሲን ላይሲንና አርጂኒን ከተባሉት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ይቆርጣል፤ ኬሞትሪፕሲን እንደ ፌኒልአላኒንና ታይሮሲን ካሉ ቀለበት ካላቸው ቀጥሎ፤ ኢላስቴዝ ከትንንሾቹ ቀጥሎ። ካርቦክሲፔፕቲዴዝ መሐል አይገባም፤ ከክሩ ጫፍ አንድ አንድ እያለ ይነቅላል። ለዚህ ነው አንድ ኢንዛይም ብቻውን የማይበቃው። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ነጠላ አሚኖ አሲዶች፣ እንዲሁም ሁለትና ሦስት አሚኖ አሲድ ያላቸው ቁርጥራጮች ወደ አንጀት ሕዋስ ይገባሉ፤ የቀሩት ቁርጥራጮች የመጨረሻ ቆረጣ የሚፈጸመው ሕዋሱ ውስጥ ነው።

ቁልፉ በማይገባው ቦታ ቢከፈት ምን እንደሚሆን ሐኪሞች ያውቁታል። የሐሞት ጠጠር መውጫውን ሲዘጋ ወይም ብዙ አልኮል ሲጠጣ ትሪፕሲን ቆሽት ውስጥ ሊነሣ ይችላል። ቆሽት ራሱን መቁረጥ ይጀምራል። ድንገተኛ የቆሽት ቁጣ የሚባለው፣ ወደ ጀርባ የሚወጋው ከባድ ሕመም፣ ይኸው ነው። በጤናው ጊዜ ቆሽት ለዚህ ጥበቃ የሚሆን ትሪፕሲንን የሚያስር ሌላ ትንሽ ፕሮቲን አብሮ ያመርታል።

አሁን ወደ ሙከራው። ብዙ ትምህርት ቤቶች “ፔፕሲን የለንም” ብለው ይህን ምዕራፍ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ያልፉታል። ፔፕሲን ግን በየበዓሉ በየጓሮው ይጣላል። በግ አራት ክፍል ያለው ሆድ አለው፤ ከአራቱ አሲድና ፔፕሲን የሚያመነጨው ከሽንፍላው ቀጥሎ ያለው አራተኛው ብቻ ነው። ይህን መለየት የሙከራው ግማሽ ነው። ጨጓራ ብለን የምናውቀው ትልቁ ክፍል ውስጡ እንደ ፎጣ ሻካራ ነው፤ ምንም ዓይነት እጢ የለውም፣ የሚሠራው የጀርሞች ማፍያ በርሜል ሆኖ ነው። አራተኛው ግን ሲነካ የሚያዳልጥ፣ ቀላ ያለ፣ ለስላሳ ረጃጅም እጥፋቶች ያሉት ነው። ተማሪ ሻካራውን ይዞ ከመጣ ሙከራው ምንም አይሠራም፤ ጥፋቱም የመምህሩ ይመስላል። በጉ ገና የሚጠባ ግልገል ከሆነም አይመረጥ፤ በሚጠባ እንስሳ ላይ የሚበዛው ወተት የሚያረጋው ካይሞሲን ነው፣ እሱም እንቁላል ላይ ደካማ ነው።

አራተኛው ሆድ በታረደበት ቀን ይሰነጠቃል፣ በቀዝቃዛ ውሃ አንዴ ብቻ ይለቀለቃል። እጥፋቶቹ ካሉበት ክፍል ውስጠኛው ሽፋን በቢላ ይፋቅና 20 ግራም ይመዘናል፤ በደንብ ይከተፋል። 200 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ይገባል። ይህን አሲድ ለማዘጋጀት ከ37 በመቶው 8 ሚሊ ሊትር ተኩል ገደማ ተወስዶ ወደ 900 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀስ ተብሎ ይጨመርና እስከ 1 ሊትር ይሞላል። አሲድ ወደ ውሃ ነው የሚጨመረው፤ ውሃ ወደ አሲድ ከተጨመረ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት የግድ ነው። የተከተፈው ሽፋን በ37 እና በ40 ዲግሪ መካከል ሦስት አራት ሰዓት፣ ከዚያም ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በማግስቱ በድርብ ጎዝ ይጠለላል። የሚወጣው ደፍረስ ያለ ፈሳሽ ፔፕሲን ያለበት ነው። በዚያው ቀን ይሠራበት፤ ኢንዛይሙ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ሞቅ ባለ ቦታ ሲቆይ እርስ በርሱ ይቆራረጣል።

የእንቁላሉ ዝግጅት እንዲህ ነው። የአንድ እንቁላል ነጩ ክፍል ተለይቶ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው የገባበት 500 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ይመታል። በመጠነኛ እሳት ላይ ሳይቋረጥ እየተማሰለ ይሞቃል፤ ውሃው እንደ ተበረዘ ወተት ሲነጣ ይወርዳል። እሳቱ ከበረታ እንቁላሉ ጉብጉብ ብሎ ይረጋል፣ ያኔ ደመናው መጥራቱን ማየት አይቻልም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በዚህ በኩል እድለኞች ነን፤ በቀጥታ እሳት ከሚሆን ግን የሚፈላ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ማስቀመጡ ይመረጣል። ሲቀዘቅዝ በጎዝ ይጠለላል።

አራት ቴስት ቲዩብ ይወሰድ፤ በየአንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር የእንቁላሉ ደመና ይግባ። በመጀመሪያው ላይ 2 ሚሊ ሊትር የሆዱ ፈሳሽ ይጨመር። በሁለተኛው ላይ አምስት ደቂቃ ፈልቶ የቀዘቀዘው ያው ፈሳሽ 2 ሚሊ ሊትር። በሦስተኛው ላይ 0.1 ሞላር አሲድ ብቻ 2 ሚሊ ሊትር። በአራተኛው ላይ የሆዱ ፈሳሽ 2 ሚሊ ሊትር ገብቶ፣ በላዩ ላይ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ፤ አረፋው እስኪያቆም ይነቅነቅ። ሁሉም 40 ዲግሪ የሚሆን ውሃ ያለበት ሰፊ ድስት ውስጥ ይቁሙ። ውሃው ሲበርድ ሙቅ ውሃ እየተጨመረ፣ በየአምስት ደቂቃው ከኋላቸው ጥቁር ወረቀት ተይዞ ይታዩ።

የሚጠራው የመጀመሪያው ነው። ሦስተኛው፣ አሲድ ብቻ ያለበት፣ እንደ ደፈረሰ ይቆያል። “አሲዱ ያቀልጠዋል” ላለ ተማሪ ከዚህች ቱቦ የተሻለ መልስ የለም። ሁለተኛው የማይጠራው ሙቀት ኢንዛይሙን ስላበላሸው ነው። አራተኛው የማይጠራው አሲዱ በሶዳው ስለከሸፈ ነው፤ መልሶ አሲድ ቢጨመርበትም ብዙ ለውጥ አይመጣም፣ ምክንያቱም ፔፕሲን ከገለልተኛ ወደ ቤዝ ያለፈ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ቅርጹን ያጣል። የሆዱ ፈሳሽ ራሱ ደፍረስ ያለ ስለሆነ ፍጹም ንጹሕ ውሃ አይጠበቅ፤ አራቱን ጎን ለጎን ማወዳደር ነው።

የተገዛ ፔፕሲን ያለው ትምህርት ቤት 1 በመቶ አድርጎ ይበርዘው፤ ለ5 ሚሊ ሊትር የእንቁላል ደመና 1 ሚሊ ሊትር ፔፕሲንና 3 ጠብታ 2 ሞላር አሲድ ይበቃል። ያኛው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ይጠራል፤ የሆዱ ፈሳሽ ግን እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል የክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ ይጀመር።

ብዙ መምህራን የሚሳሳቱበት ቦታ ከዚህ በኋላ ነው። ቱቦው ከጠራ በኋላ “ፕሮቲኑ ማለቁን እናረጋግጥ” ብለው የቢዩሬት ምርመራ ያደርጋሉ፤ 2 ሚሊ ሊትር ናሙና፣ 2 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 2 ወይም 3 ጠብታ 1 በመቶ ኮፐር ሰልፌት። ቀለሙ ሐምራዊ ይሆናል። ተማሪው “አልተፈጨም” ይላል፣ መምህሩ ግራ ይጋባል። ስሕተቱ ምርመራው የሚያየው ሙሉ ፕሮቲንን ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ቢዩሬት ቀለም የሚሰጠው ሦስትና ከዚያ በላይ አሚኖ አሲድ ለተያያዘበት ነገር ሁሉ ነው። ፔፕሲን ደግሞ ክሩን ወደ ቁርጥራጭ እንጂ እስከ ነጠላ አሚኖ አሲድ አያደርሰውም። በዚያ ላይ ኢንዛይሙ ራሱ ፕሮቲን ነው። ሐምራዊው ወደ ሮዝ ማዘንበሉን ልብ ያለ ተማሪ ትክክለኛውን ነገር አይቷል። ኮፐር ሰልፌት ከበዛ ሰማያዊው ሁሉንም ይሸፍነዋልና በጠብታ ይቆጠር።

በግ በማይታረድበት ሰሞን ወይም በጾም፣ ጀላቲንና አናናስ ይበቃሉ፤ ጀላቲን ፕሮቲን ነው፣ ትኩስ አናናስም ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው። 3 ግራም ጀላቲን በ100 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ይሟሟል፤ ለብ እስኪል ይጠበቃል። 20፣ 20 ሚሊ ሊትር ለአራት ብርጭቆ ይከፈላል። በአንዱ 5 ሚሊ ሊትር ትኩስ የአናናስ ጭማቂ፣ በሌላው አሥር ደቂቃ የፈላ ጭማቂ፣ በሦስተኛው የሎሚ ጭማቂ፣ በአራተኛው ውሃ። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ሰዓት። ትኩሱ አናናስ ያለበት ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል፣ ሎሚው ቢለሰልስም ይረጋል። ጀላቲኑ ገና እያቃጠለ ጭማቂውን የጨመረ ሰው ግን ኢንዛይሙን በራሱ እጅ ገድሎት “አልሠራም” ይላል። የቆርቆሮ አናናስም አይሆንም፤ ፋብሪካ ውስጥ ሞቋል። ፓፓያ ለመጠቀም የሚፈልግ ያልበሰለውን ይምረጥ። ልጣጩን በንጹሕ ምላጭ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲጭሩት የሚንጠባጠበው ነጭ ወተት ነው ፓፓይን የተባለው ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም የሞላበት፤ ሲበስል ይመናመናል። ወተቱ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ያለ ጓንት አይነካ። ፓፓይን ሙቀት ስለሚችል ደግሞ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ለማክሸፍ አጭር ፍላት አይበቃውም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፍላ።

ቤት ውስጥ ተጥሎ የቆየ የድሮ የራጅ ፊልም ካለ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ይታያል። ጥቁሩ ነገር በጀላቲን ሽፋን የተያዘ ብር ነው። የበሽተኛው ስም ያለበት ጠርዝ ተቆርጦ ይወገድ፤ ከቀረው 1 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ቁራጮች በ1 ሚሊ ሊትር የፓፓያ ወተት በ20 ሚሊ ሊትር ውሃ ተበርዞ በ40 ዲግሪ ይነከሩ። ጀላቲኑ ሲቆረጥ ጥቁሩ እንደ ጥላሸት ይወርዳል፣ የሚቀረው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። አሲድ ብቻ ያለበት ውስጥ የገባው ቁራጭ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። በአዲሱ ደረቅ ማተሚያ የሚወጡት ፊልሞች ላይ ግን ላይሠራ ይችላል፤ ብዙዎቹ በሌላ ማጣበቂያ የተሠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ጠረጴዛውና ወደ ጓሮው ልመለስ። ጥሬ እንቁላል የሚጠጡ ወጣቶች ፕሮቲኑ “ሳይጎዳ” እንዲገባላቸው ያስባሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት ሰዎች ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 91 በመቶ ያህሉን፣ ከጥሬው ግን 51 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የፈጩት። እሳቱ ልቃቂቱን ስለፈታው ነው ኢንዛይሙ የሚደርስበት፤ በተጨማሪ በጥሬው ነጭ ክፍል ውስጥ ትሪፕሲንን የሚያስር ፕሮቲን አለ።

አኩሪ አተር ላይ ጉዳቱ ይብሳል። በጥሬው ውስጥ ትሪፕሲንን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ፕሮቲን አለ። የዶሮዋ አንጀት ትሪፕሲን ሲጎድልበት ቆሽትን ደጋግሞ ይጠራል፤ ቆሽቷ ያብጣል፣ ኢንዛይም አብዝታ ታመርታለች፣ ያም ኢንዛይም ታስሮ ከኩሷ ጋር ይወጣል። እየበላች ትከሳለች ማለት ነው። መፍትሔው ሌሊት ነክሮ አሳድሮ በደንብ መቀቀል ነው፤ ዝቅተኛ ቦታ ግማሽ ሰዓት የሚበቃው፣ አዲስ አበባና ከዚያ በላይ ባለ ደጋ እስከ 45 ደቂቃ ቢቆይ ይሻላል። በምጣድ ብቻ ማመስ ያስቸግራል፤ ውጩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ያረረውም ሌላ ጉዳት አለው፤ ላይሲኑ ከስኳር ጋር ተጣብቆ ለትሪፕሲን መቁረጫ አይመችም። ሽምብራና አተር ውስጥ ይህ አሳሪ ከአኩሪ አተር በእጅጉ ያነሰ ነው፤ እሱም ቢሆን እናቶቻችን የሽሮውን እህል ሲያምሱና ወጡን ሲያበስሉ ይሰበራል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይህ አሳሪ ይፈለጋል፤ እንገር ውስጥ። የላም እንገር ትሪፕሲንን የሚይዝ ፕሮቲን ስላለው በውስጡ ያሉት የበሽታ መከላከያ ፕሮቲኖች ሳይቆረጡ ወደ ጥጃው ደም ይገባሉ። የጥጃው አንጀት እነዚህን እንዳሉ የሚያስገባው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነውና፣ ጥጃው በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሳያጠቡ እንገሩን ለሰው አልቦ መብላት ጥጃውን ባዶ እጁን ማስቀረት ነው።

የመጨረሻው ነገር ለታካሚዎች ነው። ቆሽታቸው በቂ ኢንዛይም ለማያመነጭላቸው ሰዎች የሚሰጠው እንክብል ውስጡ ያሉት ቅንጣቶች አሲድ በማይፈታው ነገር ተለብጠዋል፤ የሚሟሙት ፒኤቹ ከ5.5 በላይ ሲሆን፣ ማለትም አንጀት ሲደርሱ ነው። ቅንጣቶቹን ማኘክ ወይም መፍጨት ልባሱን ይሰብረዋል፤ ኢንዛይሙም ጨጓራ ውስጥ ይበላሻል። መዋጥ ያስቸገረው ሰው እንክብሉን ከፍቶ ቅንጣቶቹን ሳይጨፈልቅ እንደ ፖም ገንፎ ያለ ጎምዘዝ ያለ ለስላሳ ምግብ ላይ ነስንሶ ወዲያው ይዋጠው፤ ወተት ላይ ግን አይነስንሰው፣ ልባሱ እዚያው ይሟሟልና። የሚወሰደውም ከምግብ ጋር ነው፤ ባዶ ሆድ ላይ የሚቆርጠው ነገር የለም።

ከላይ ያሉት መጠኖች ለመምህራን እንዲደርሱ ጋዜጣው ሳያሳጥር ቢያትማቸው እለምናለሁ። በጤና ዓምዱም ላይ “ያቀልጠዋል” የሚለው ቃል “አሲዱ ይፈታዋል፣ ኢንዛይሙ ይቆርጠዋል” በሚል ይታረም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር
አዲስ አበባ